ሎጉ ሲጠፋ ማንን እንጠርጥር? የሊኑክስ መዝገብ ሰርቪሶችን ስለ መመርመር



ባለፈው ክረምት ሰቆጣ ላይ አንድ ወንድማችንን ባልሠራው ጥፋት ጠርጥረነው ነበር። ለጥርጣሬው ሰበብ የሆነው የጠፋ የኮምፒውተር ሎግ ነው፤ ነፃ ያወጣውም ሳይጠፋ የቀረ ሎግ ነው። በመካከሉ ያለፉትን ሦስት ቀናት ሌላ ጀመዓ እንዳይደግማቸው፣ የሊኑክስ ሎግ እንዴት እንደሚሠራና ሲበላሽ ከየት ተነስቶ እንደሚመረመር በዚህ እትም ልጽፍ አስቤያለሁ። ኮምፒውተር ሳይንስ የማታጠኑም ተከተሉኝ፤ ያን ያህል ከባድ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከግቢ ለእረፍት የገባን የሰቆጣና የአካባቢው ተማሪዎች ከመስጂድ አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ታዳጊዎችን ኮምፒውተር እናስተምር ነበር። ክፍሏ ውስጥ ያለው አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ብቻ ነው፤ 160 ጊጋባይት ዲስክ ያለው፣ ዴቢያን 10 የተጫነበት። ዲስኩ በቂርአትና በደርስ ቪዲዮ ጢም ብሏል። ለየቲም ተማሪዎች ደብተርና ዩኒፎርም መግዣ ማን ስንት እንደሰጠ የሚመዘገበውም እዚያው ኮምፒውተር ላይ፣ በአንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ገንዘቡ በሌላ ሰው እጅ ነበር፤ ዝርዝሩ ግን በእኛ ላይ ያለ አማና ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ፋይሉ ባዶ ሆኖ ተገኘ። መጠኑ ዜሮ ባይት። የተቀየረበት ሰዓት «01፡12 ፒኤም» ይላል። «ማታ 1፡12» አልን ሁላችንም። ከመግሪብ በኋላ ቁልፍ ይዞ የገባው ማን እንደሆነ ደግሞ ይታወቃል። ወንድማችን ራሱ፣ ገና ሳንጠይቀው፣ «አዎ፣ ገብቼ ነበር። ዲስኩ ሞልቷል የሚል ማስጠንቀቂያ ሳይ ትልቁን የሎግ ፋይል አጠፋሁት። ሳልጨርስ መብራት ሄደ» አለን። ባይናገር ኖሮ ይሻለው ነበር። ዝርዝሩ ባዶ፤ ሰዓቱ እሱ የነበረበት ሰዓት፤ ሎጉን ያጠፋው ራሱ። ዲስኩን ስናየው ደግሞ ብዙ ባዶ ቦታ አለ፤ የሞላ ነገር የለም። ማንም ፊት ለፊት ክፉ ቃል አልተናገረውም፤ ሰላምታችን ግን ቀዘቀዘ። የሱረቱል ሑጁራትን 6ኛና 12ኛ አንቀጾች በሐለቃ ስንት ጊዜ ተማምረናቸዋል! አንዱ ወሬን ስለ ማጣራት ነው፣ ሌላው ስለ ጥርጣሬ። ያን ሳምንት ሁለቱም ትዝ አላሉንም።

ሁለቱ መዝጋቢዎች

ሎግ የኮምፒውተሩ የውሎ መዝገብ ነው። ማን ገባ፣ የትኛው ፕሮግራም ተነሳ፣ የትኛው ወደቀ፣ የትኛው ካርድ አልሠራም አለ፣ ሁሉም በየመስመሩ ይጻፋል። አንድ መስመር መጀመሪያ ሰዓቱን፣ ቀጥሎ የኮምፒውተሩን ስም፣ ከዚያ የተናገረውን ፕሮግራም ስምና ቁጥር፣ በመጨረሻም መልእክቱን ይይዛል። ሐዲሥ የተማረ ሰው ይህን ቅርጽ ያውቀዋል፤ ፊት ያለው ሰነዱ ነው፣ ኋላ ያለው መትኑ። እኛ የሳትነው ሰነዱን ስናነብ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ሲስሎግ የሚባለውን አሠራር የጀመረው ኤሪክ ኦልማን ነው። በ1980ዎቹ፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ፣ ሴንድሜይል ለተባለው የኢሜይል ፕሮግራሙ ብሎ ሠራው፤ ሌሎች ፕሮግራሞችም እየወሰዱ ተጠቀሙበት። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ከእርሱ የወረስነው የመልእክት ክብደት መለኪያ ዛሬም አለ፤ 8 ደረጃ ነው፣ ከ0 እስከ 7። 0 ማለት ኮምፒውተሩ ከአገልግሎት ውጭ ሆኗል ማለት ነው፤ 7 ለፕሮግራም ሠሪዎች ብቻ የሚጠቅም ዝርዝር ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ነገሩ ይከብዳል። ለምርመራ ከ0 እስከ 3 ያለውን መጀመሪያ ማየት ብዙ ጊዜ ይቆጥባል።

ዛሬ ዴቢያንን ወይም ኡቡንቱን በመሰለ ሊኑክስ ላይ በብዛት የምታገኙት ሁለት መዝጋቢ ነው። አንዱ አርሲስሎግ ይባላል፤ ራይነር ገርሃርድስ በ2004 የጀመረው የሲስሎግ ልጅ ነው። መልእክቱን በተራ ጽሑፍ ይጽፋል፤ ማንኛውም የጽሑፍ መክፈቻ ያነበዋል። ሁለተኛው ጆርናልዲ ነው፤ ሌናርት ፖተሪንግና ኬይ ሲቨርስ በ2011 ያስተዋወቁት፣ ሲስተምዲ የተባለው ሥርዓት አካል። እሱ የሚጽፈው በራሱ ቅርጽ ስለሆነ ለማንበብ ጆርናልሲቲኤል የሚባል ትዕዛዝ ያስፈልጋል። አብዛኛው የፕሮግራሞች መልእክት መጀመሪያ ጆርናልዲ እጅ ይገባል፤ ከዚያ ወደ አርሲስሎግ ይተላለፋል። ስለዚህ አንዱ ቢታመም ሌላው ሊናገር ይችላል፤ ምርመራም የሚጀመረው ከዚህ ነው። ዴቢያን ከ12ኛው እትሙ ጀምሮ፣ ማለትም ከ2023 ወዲህ፣ አርሲስሎግን በራሱ አይጭንም። አዲስ ኮምፒውተር ላይ ሲስሎግ የሚባለውን ፋይል ብታጡት ማንም ላይ አትጩኹ፤ መጀመሪያውኑ የለም ማለት ሊሆን ይችላል።

አርሲስሎግ የሚጽፋቸው ፋይሎች ቫር በሚባለው ፎልደር ሥር ሎግ ውስጥ ናቸው። በዴቢያንና በኡቡንቱ ጠቅላላው ሲስሎግ ይባላል፤ የመግቢያና የሱዶ ነገር አውዝ ሎግ ውስጥ ይገባል፤ የከርነሉ፣ ማለትም የሥርዓቱ እምብርት መልእክት ደግሞ ከርን ሎግ ውስጥ። የከርነሉ መልእክት ሲስሎግ ውስጥም ይደገማል። ይህን መደገም ልብ በሉት፤ በኋላ ይጠቅመናል።

ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ በራሳችን ፊደል ነው የምጽፋቸው። ኮምፒውተሩ ላይ በላቲን ፊደል፣ ሁሉንም በትንንሹ ትጽፏቸዋላችሁ። «ሲቲኤል» ያልኩት ሦስት ፊደል ነው፤ ሲ፣ ቲ፣ ኤል።

ከሰዓቱ ጀምሩ

ብዙ መመሪያዎች ሰርቪሱ በሕይወት አለ ወይ ከሚለው ይጀምራሉ። እኔ ከዚያ ክረምት በኋላ ከሰዓት ነው የምጀምረው። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከጠዋትና ከምሽት ተነስተን ነው፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተነስቶ። «13፡12» የሚለው የ24 ሰዓት አቆጣጠር ላይ 6 ሲቀነስ ቀን 7፡12 ነው። ይህን ሁሉም ተማሪ ያውቃል። ጉዱ የሚመጣው «01፡12 ፒኤም» ተብሎ ሲጻፍ ነው። 1 ሰዓት የሚለውን ዓይናችን ለምዶታል፣ «ፒኤም»ን ደግሞ ማታ ብለን እንተረጉመዋለን፤ ማታ 1፡12 ይሆንልናል። እሱ ግን እንደ እኛ አቆጣጠር ቀን 7፡12 ነው። ስድስት ሰዓት ስተን ነበር ሰው የጠረጠርነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። አንዳንድ ሰርቨር ሰዓቱን በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ያስቀምጣል፤ የኢትዮጵያ ሰዓት ከዚያ በ3 ይበልጣል። እንዲህ ያለ ሎግ ሲገጥማችሁ ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ የምትቀንሱት 6 ሳይሆን 3 ነው። ቀኑም እንደዚሁ ነው። በተለመደው የሲስሎግ ፋይል ላይ «ኦገስት 12» ሲል ነሐሴ 6 ማለት ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ ጨርሶ አይጻፍም። ለእኛ ሌሊቱ ከመግሪብ ይጀምራል፤ ኮምፒውተሩ ግን ቀኑን የሚቀይረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ በአንድ የተራዊሕ ሌሊት የሆነ ነገር በሎግ ላይ ሁለት ቀን ተከፍሎ ሊገኝ ይችላል።

«ታይምዴትሲቲኤል» ብላችሁ ብትጽፉ የአካባቢውን ሰዓት፣ የዓለም አቀፉን፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን የሰዓት ቺፕና የሰዓት ቀጠናውን በአንድ ገጽ ያሳያችኋል። ቀጠናው «አፍሪካ፣ አዲስ አበባ» መሆን አለበት። አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ማዘርቦርዱ የያዘው ጠፍጣፋ ባትሪ ሞቶ ሊሆን ይችላል። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ኢንተርኔት ከሌለ የሚያርመው የለም። እንዲያውም ሲስተምዲ የመጨረሻውን የታወቀ ሰዓት በፋይል ሊይዝና ከዚያ ሊቀጥል ይችላል፤ ያኔ የምታዩት ሰዓት እውነት የሚመስል ግን የተሳሳተ ሰዓት ነው። እንዲህ ከሆነ ሰዓቱን ተዉትና «ጆርናልሲቲኤል» ላይ ሁለት ሰረዝ አድርጋችሁ «ሊስት ቡትስ» በሉት። ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር የሚሰጠውን መለያ በቅደም ተከተል ይዘረዝራል።

አሉ ወይ? ቦታስ አላቸው?

ቀጥሎ «ሲስተምሲቲኤል ስታተስ አርሲስሎግ» በሉ፤ ከዚያም ለጆርናልዲ እንዲሁ። የጆርናልዲ ሙሉ ስሙ «ሲስተምዲ ሰረዝ ጆርናልዲ» ነው። «አክቲቭ፣ ረኒንግ» ካለ በሕይወት አለ። «ፌይልድ» ካለ ከሥሩ ጥቂት መስመር ምክንያት ይጽፋል፤ ሰው ብዙ ጊዜ ያቺን አያነባትም። የአርሲስሎግን ማዋቀሪያ የነካካ ሰው ካለ «አርሲስሎግዲ» ብላችሁ፣ ሰረዝ፣ ትልቁን ኤን እና 1 ጨምሩበት፤ ሰርቪሱን ሳያስነሳ ጽሑፉን ብቻ ይፈትሻል፣ ስህተቱ ያለበትን መስመር ቁጥርም ይነግራችኋል።

በሕይወት መኖር ግን መጻፍ አይደለም። ለዚህ «ሎገር» የምትባል ትንሽ ትዕዛዝ አለች። «ሎገር» ብላችሁ ቀጥሎ አንድ ቃል ጻፉ፣ ለምሳሌ ስማችሁን። ከዚያ በጆርናልሲቲኤልም በሲስሎግ ፋይሉም ፈልጉት። በሁለቱም ካለ መንገዱ ጤነኛ ነው። ጆርናል ላይ ኖሮ ፋይሉ ላይ ከሌለ ችግሩ አርሲስሎግ ዘንድ ነው። ሁለቱም ጋ ከሌለ ጆርናልዲን መርምሩ። «የለም» ከማለታችሁ በፊት ግን በሱዶ ማየታችሁን አረጋግጡ። ተራ ተጠቃሚ በጆርናል ላይ የራሱን እንጂ የሥርዓቱን መልእክት እንዲያይ አይፈቀድለትም፤ ስንት ሰው «ሎጉ ጠፋ» ብሎ የሮጠው ፈቃድ ስለሌለው ብቻ ነው። ክልከላው ደግሞ ተገቢ ነው። አውዝ ሎግ ላይ የሰዎች መግቢያና መውጫ አለ፤ የጀመዓ ኮምፒውተር ኃላፊ የሆነ ሰው ለምርመራ ካልሆነ በቀር ሲያገላብጠው ቢውል ተጀሱስ ነው።

ከዚያ ዲስኩ። «ዲኤፍ፣ ሰረዝ ኤች» ስንት እንደቀረ ይነግራችኋል። ኤች የነበረበትን በአይ ተክታችሁ ድገሙት፤ ይህኛው የሚቆጥረው ባይት ሳይሆን የፋይል ቁጥር ነው። ዲስክ ቦታ እያለው የፋይል መመዝገቢያ ቁጥሩ አልቆ አዲስ ፋይል መፍጠር ሊያቅተው ይችላል።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ የእኛ ታሪክ ቋጠሮው ያለው እዚህ ነው።

አንደኛ፣ ኤክስት 4 የተባለው የሊኑክስ ፋይል ሥርዓት ሲሠራ ከዲስኩ 5 በመቶውን ለሩት፣ ማለትም ለአስተዳዳሪው ያስቀምጣል። ለተራ ተጠቃሚ «ሞልቷል» በተባለበት ሰዓት ሩት ገና መጻፍ ይችላል። በ160 ጊጋባይት ዲስክ ላይ ይህ 8 ጊጋባይት ያህል ነው። ዴቢያን ላይ አርሲስሎግ የሚሠራው በሩት ስም ነው። ስለዚህ የእናንተ ጽሑፍ አልቀመጥ ሲል ሎጉ ምንም እንዳልተፈጠረ መጻፉን ይቀጥላል።

ሁለተኛ፣ ሊኑክስ ላይ ፋይል ማጥፋት ማለት ስሙን ከፎልደሩ መፋቅ ነው። ፋይሉን የከፈተ ፕሮግራም ካለ ይዘቱ ዲስኩ ላይ ይቆያል፤ ፕሮግራሙ እስኪለቀው ድረስ ቦታው አይመለስም። ወንድማችን ሲስሎግን አጠፋ፤ አርሲስሎግ ግን ፋይሉን ይዞ ነበር። ዲኤፍ ብሎ ሲያይ ዲስኩ እንደሞላ ነው። በዚያ ሰዓት የሚመጣው አዲስ መልእክት ሁሉ የሚጻፈው ስም በሌለው፣ ማንም በማያየው ፋይል ላይ ነው። እንዲህ ያሉ ስም አልባ ፋይሎችን «ኤልኤስኦኤፍ» የሚባለው ትዕዛዝ፣ የመደመር ምልክት፣ ትልቁ ኤል እና 1 ሲከተሉት ይዘረዝራቸዋል። የሚያሳዝነው ይዘቱ ያኔ ሊተርፍ ይችል ነበር። ፕሮክ በሚባለው ፎልደር ሥር፣ በአርሲስሎግ ቁጥር ውስጥ፣ ኤፍዲ በሚባለው ንዑስ ፎልደር በኩል ሌላ ዲስክ ላይ መገልበጥ ይቻላል፤ ሰርቪሱ ሪስታርት እስኪደረግ ወይም መብራት እስኪሄድ ድረስ ብቻ።

መብራቱ ሄደ። በጦርነቱ ዓመታት ዋግ ኽምራ ያለ መብራት የቆየበትን ጊዜ ለሚያስታውስ ሰው የአንድ ምሽት መጥፋት ወሬ አይደለም፤ ሻማ አብርተን ተኛን። ጠዋት ኮምፒውተሩ ሲነሳ አርሲስሎግ የያዘው ፋይል የለም፤ ስም አልባው ሎግ እስከ ወዲያኛው ሄዷል፣ የያዘው ቦታም ተመልሷል። እኛ ያየነው ሰፊ ባዶ ቦታ ይህ ነበር። «ዲስኩ ሞልቶ ነበር» ያለን ሰው በዓይናችን ፊት ውሸታም ሆነ።

የሎግ ፋይል ሲገዝፍ በማጥፋት ፋንታ ባዶ ማድረግ ይሻላል። «ትራንኬት፣ ሰረዝ ኤስ፣ 0» ብላችሁ የፋይሉን ስም ጻፉ፤ ስሙ ይቆያል፣ ይዘቱ ይለቀቃል፣ ቦታው ወዲያው ይመለሳል። ከዚያ በፊት የመጀመሪያዎቹንና የመጨረሻዎቹን ጥቂት መቶ መስመሮች ሌላ ቦታ ቅዱ፤ ዲስኩን ምን እንደሞላው የሚናገሩት እነሱ ናቸው። የጆርናልን ፋይሎች ግን በእጅ አትንኩ። «ጆርናልሲቲኤል» ሁለት ሰረዝ «ዲስክ ዩሴጅ» ስንት እንደያዘ ይነግራችኋል፤ «ቫኪዩም ሳይዝ» ከተፈለገው መጠን ጋር ሲሰጠው ከአሮጌው ጀምሮ ይቀንሳል። በነገራችን ላይ ጆርናልዲ በዲስክ ላይ ሲጽፍ በራሱ ገደብ አለው፤ ከፋይል ሥርዓቱ 10 በመቶ አያልፍም፣ ያም ቢሆን ከ4 ጊጋባይት በላይ አይሄድም። አርሲስሎግ እንዲህ ያለ ልጓም የለውም። ለእሱ ሎግሮቴት የሚባል ረዳት አለ፤ እሱ ግን እንደ ልማዱ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚመጣው። ግማሽ ቀን ውስጥ የሚመጣ ጎርፍ ይቀድመዋል።

ከርን ሎግ የተናገረው

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሥራ ስላጣሁ ይመስለኛል፣ ቫር ሥር ያሉትን ሎጎች በመጠን ቅደም ተከተል ደረደርኳቸው። ከርን ሎግ ከሌሎቹ ሁሉ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከፈትኩት። አንድ ዓይነት ቅሬታ፣ የፒሲአይኢ ባስ ስህተት፣ «ታርሟል» የሚል፣ በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየተደጋገመ። የጀመረው በዚያው ቀን 9፡50 ላይ ነው፤ በእኛ ጠዋት 3፡50። ያን ጠዋት ከተማ ከሚገኝ ወዳጅ የመጣ የዋይፋይ ካርድ ገጥመን ነበር። ይህ ችግር በዓለም ላይ የታወቀ ነው፤ አንዳንድ ካርድና ማዘርቦርድ አይስማሙም፣ እያንዳንዷን የታረመች ጥቃቅን ስህተት ከርነሉ ይጽፋል፣ ሎጉ በጊጋባይት ይቆለላል። ከላይ እንዳልኩት የከርነል መልእክት ሁለት ቦታ ይጻፋል፤ ጎርፉ እጥፍ ነበር። ከዙህር በኋላ ኔቱን ስንዘጋ ቀነሰ። የጠፋው ሲስሎግ ይዞት የነበረው ይህንኑ መልእክት ነው፤ መንታው ከርን ሎግ ግን ተርፏል።

አውዝ ሎግን ከፈትኩ። የወንድማችን የሱዶ ትዕዛዝ እንደተናገረው በቃል በቃሉ አለ፤ 19፡05፣ ሲስሎግን አጥፋ። ማለትም ማታ 1፡05። ዱካ ለመደበቅ የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚያጠፋው ስሙ ያለበትን አውዝ ሎግን ነበር። ከዚያ ነው አውዝ ሎጉ 24 ሰዓት እንደሚቆጥር ልብ ያልኩት። ወደ ባዶው ፋይል ተመልሼ በተርሚናል አየሁት። 13፡12። ቀን 7፡12።

ቀን 7፡12 ላይ ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠው ማን ነበር? ሁላችንም የምንገባው በአንድ የጋራ መለያ ስም ስለሆነ አውዝ ሎግ አይናገርም። እኔ ግን አውቃለሁ። ዝርዝሩ ላይ ሁለት ስም ጨምሬ ናኖ በተባለው መጻፊያ ሴቭ ስል ኢቃማ ተሰማ። ከታች አንድ የእንግሊዝኛ መስመር ብልጭ አለ፤ «ቦታ የለም» የሚል መሆኑን ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ ሳላነበው ዘግቼ ወደ ሶላት ሮጥኩ። ናኖ ሴቭ ሲያደርግ መጀመሪያ አሮጌውን ፋይል ባዶ ያደርገዋል፣ ከዚያ አዲሱን ይጽፋል። ባዶ ማድረግ ቦታ አይጠይቅም፤ ተሳካ። መጻፍ ቦታ ይጠይቃል፤ አልተሳካም። ዜሮ ባይት።

ወንድማችን ቤት ሄጄ «አፉ በለኝ» አልኩት። ሳቀ። «ካርዱን አወጣችሁት?» ብሎ ጠየቀኝ። ዝርዝሩን ከሰጪዎቹ ደረሰኝና ከስልክ መልእክቶች ሁለት ቀን ፈጅተን መልሰን ጻፍነው። ዕዳን ስለ መጻፍ የወረደው የሱረቱል በቀራ 282ኛ አንቀጽ የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ መሆኑን ከዚያ በፊት እንደ ቁም ነገር አስቤው አላውቅም ነበር። አሁን ዝርዝሩ ሁለት ቦታ ነው ያለው፤ አንዱ በወረቀት።

መብራት ለሚሄድበት ቦታ

ሎግ ፈልጋችሁ ስታጡት ሌላ ምክንያትም ሊኖር ይችላል። ጆርናልዲ ቫር ሥር ባለው ሎግ ውስጥ «ጆርናል» የሚባል ፎልደር ካላገኘ የሚጽፈው በራም ላይ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል። ዴቢያን እስከ 10ኛው እትም ድረስ እንዲህ ነበር፤ ከ11ኛው ወዲህ ፎልደሩ አብሮ ይመጣል፣ ኡቡንቱም አለው። የእኛው ኮምፒውተር አልነበረውም፤ ስለዚህ የዚያ ቀን ጆርናል ከመብራቱ ጋር ሄደ። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ኢቲሲ ሥር፣ ሲስተምዲ ውስጥ፣ የጆርናልዲን ማዋቀሪያ ፋይል ክፈቱ። «ስቶሬጅ» የሚለውን «ፐርሲስተንት» አድርጉትና ጆርናልዲን ሪስታርት አድርጉ። ከዚያ «ሊስት ቡትስ»ን ከሚቀጥለው መነሳት በኋላ እዩት፤ ከአንድ በላይ መስመር ካለ ሠርቷል።

በዚያው ፋይል ውስጥ «ሲንክ ኢንተርቫል ሴክ» የሚል መስመር አለ። ጆርናልዲ የጻፈውን ወደ ዲስክ በእርግጠኝነት የሚያወርደው እንደ ነባሪው በየ5 ደቂቃው ነው፤ ከባድ የሆኑትን፣ ከ0 እስከ 2 ያሉትን ብቻ ወዲያው ያወርዳል። መብራት ድንገት ሲሄድ የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች፣ ማለትም በጣም የምትፈልጓቸው፣ ሊጠፉ የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው። እኛ 30 ሰከንድ አድርገነዋል። ዲስኩ ትንሽ ይደክማል፤ ለሰቆጣ ግን ይህ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ጆርናሉ «ተበላሽቷል ወይም በአግባቡ አልተዘጋም፤ ስሙ ተቀይሮ በአዲስ ተተክቷል» የሚል ትርጉም ያለው መስመር ይጽፍ ይሆናል። ይህን ያየ ጀማሪ ይደነግጣል። ብዙውን ጊዜ ጉዳት የለውም፤ አሮጌው ፋይል በሌላ ስም እዚያው አለ፣ ጆርናልሲቲኤልም የሚቻለውን ያህል ያነበዋል። መጠራጠር ከፈለጋችሁ «ጆርናልሲቲኤል» ሁለት ሰረዝ «ቬሪፋይ» በሉት፤ እያንዳንዱን ፋይል ፈትሾ የትኛው ጤነኛ እንደሆነ ይነግራችኋል። ጎርፍ የሚያመጣው ተራ ፕሮግራም ከሆነ ጆርናልዲ ራሱ ያፍነዋል፤ «ይህን ያህል መልእክት ታፍኗል» የሚል መስመር ካያችሁ የጎደለው ሎግ ሰው የነካው ሳይሆን የታፈነ ነው።

ኮምፒውተራችን አሁንም እዚያው ክፍል አለ። ሰዓቱን 24 አድርገነዋል፤ ለእያንዳንዱ አስተማሪ የየራሱ መለያ ስም ከፍተናል፤ ሎግሮቴትም በየሰዓቱ እንዲመጣና ከ100 ሜጋባይት ያለፈውን እንዲያሽከረክር ሆኗል። የዋይፋይ ካርዱን አላወጣነውም፤ ሌላ የለንም። ከርነሉ ሲነሳ «ፒሲአይ» እኩል ይሆናል «ኖ ኤኢአር» የሚል ቃል ሰጥተነው ቅሬታውን መጻፍ አቁሟል። ይህ ቅሬታውን ዝም ማሰኘት እንጂ ሕመሙን ማዳን እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እውነተኛ የካርድ ብልሽት ቢመጣም በዚያ መንገድ አይነግረንም። ከግቢ ለክረምት ስትመጡ ያገለገለ የዩኤስቢ ዋይፋይ ያላችሁ ብትይዙልን ኢንሻአላህ እንቀይረዋለን።